ቤት ያፈራው ጨዋታ

(ሮብ ገበያ ላይ ለተሰበሰቡ አድማጮች የቀረበ ዲስኩር)

 

ዛሬ የምናገረው ስለ ጨዋታ ነው። ስለ ኳስ ወይም ስለ ሩጫ ማለቴ አይደለም። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰው ቡና ተፈልቶ ወይም በዓል ሆኖ አንድ ቤት ሲሰባሰብ የሚጫወተውን፣ ከካርቶን ቁራጭና ከጭብጥ ሽምብራ የሚሠራውን፣ ሲያዩት ቁም ነገር የሌለበት የሚመስለውን የሳቅ ጨዋታ ነው የምለው። «ለዚህ ደግሞ ዲስኩር ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ያደርጋል። ዛሬ በየቤታችን ያለው ጨዋታ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው አለ፣ ሰው አገር ተሠርቶ በስልክ የመጣልንም አለ። እኛው ራሳችን ለጓደኞቻችን ብለን፣ በዚህ ወር፣ በዚህ ሰፈር የሠራነው ግን የለም። ሰው ለቤቱ እንግዳ ጠላውን ራሱ ይጠምቃል፣ ዳቦውን ራሱ ይደፋል፤ ጨዋታውን ግን ሌላ እንዲሠራለት ይጠብቃል።

የሳቅ ጨዋታ መሥራት ሙያ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሬ ዕቃው በደጃችን ነው ያለው፤ አነጋገራችን፣ ሥርዓታችን፣ ገበያችን፣ ቡናችን። ሆኖም የተሠራው ነገር በሰው ፊት ቀርቦ ካልተፈተነ ጨዋታ ተብሎ አይጠራም። ፈተናውን ደግሞ ይህ አገር አሳምሮ ያውቀዋል።

ከዚህ ብዙ ሳንርቅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ለአገር ሁሉ ያስተዋወቋት ዲማ አለች። ደብረ ወርቅ አለ፣ መርጡለ ማርያም አለ። የቅኔ ተማሪ በእነዚህ ደብሮች እንዴት እንደሚውል አባቶች ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ቀን ብቻውን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ቃል ይፈልጋል፣ ቤቱን ይለካል፣ ሰሙን ከወርቁ ያገጣጥማል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ አያባብለውም። ቅኔው በእግሩ ከቆመ ቆመ፤ ካልቆመ እዚያው ይፈርሳል፣ ተማሪውም ወደ ጥላው ይመለሳል። ጀማሪ የሚነሣው ከ2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው፤ 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ብዙ ከቆየ በኋላ ነው። ትናንት የተባለ ቅኔም ዛሬ አይደገምም።

ጨዋታ ሠሪም የሚያስፈልገው ይኸው ሥርዓት ነው። በትንሽ መጀመር፣ ቶሎ ሰው ፊት ማቅረብ፣ ሲያቀርቡም አለማብራራት። የጨዋታው ሠሪ አጠገባችሁ ተቀምጦ «እዚህ ላይ እኮ መሳቅ ነበረባችሁ» ሊላችሁ አይገባም። ሕጉን በአጭሩ ተናግሮ አፉን መያዝ አለበት። ተጫዋቾቹ ሕጉን በሌላ መንገድ ተረድተው ከተጫወቱት ደግሞ አይቆጣ፤ ብዙ ጊዜ እነሱ የሄዱበት መንገድ እሱ ካሰበው ይሻላል። ያን ጊዜ ሕጉን በእነሱ ልክ አድርጎ መጻፍ ነው።

የወረስናቸውን ጨዋታዎችም እስቲ በሠሪ ዓይን እንያቸው። እንቆቅልሽን የማያውቅ እዚህ ቤት የለም። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» ይባላል፤ ጥያቄው ይወረወራል፤ መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል። ይህን አገር መስጠት ቆም ብላችሁ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? አንድ ክንድ መሬት የሌላት ሕፃን ልጅ ለወንድሟ ጎንደርን ትሰጣለች። ወንድሟም «እምቢ፣ ሌላ አገር ስጪኝ» ብሎ ያማርጣል። ደስ ያለውን አገር ሲያገኝ ገብቶበት ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ እንዴት እንደተከበረ ይዘረዝራል፤ መልስ ያጣችውን እህቱን ደግሞ የስድብ ዶፍ ያወርድባታል፤ ከዚያ በኋላ ነው መልሱን የሚነግራት። እሷ ሳንቲም አልከፈለችም፣ ከክቡም አልወጣች። እሱ ግን ለአንድ አፍታ ባለአገር ሆኗል።

ይህን ሕግ መጀመሪያ ያሰበው ሰው ታላቅ ሠሪ ነበር። ከመሸነፍ ውስጥ ትርኢት አውጥቷል። እኛ ዛሬ ጨዋታ ስንሠራ ቶሎ የሚመጣልን «የተሸነፈ ይውጣ» የሚለው ነው። የወጣ ሰው ግን ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ይከፍታል፤ ከሦስት ዙር በኋላ ተመልካቹ ከተጫዋቹ ይበልጣል፤ ቤቱ ይቀዘቅዛል። በእንቆቅልሽ የተሸነፈው ሰው ለጨዋታው ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል፤ አገር የሚሰጠውም፣ ስድቡን የሚሰማውም እሱ ነውና። እኔ የምሠራውን ማናቸውንም ጨዋታ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ የተሸነፈው ሰው አሁን ምን ሥራ አለው?

ሰንጠረዥንም ተመልከቱ። የአገራችን ሰንጠረዥ የመሳፍንትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ሲመጣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል። ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው በተለይ አጀማመሩ ነው። ሌላው ዓለም ተራውን ጠብቆ አንድ አንድ ይላል። የእኛው በወረራ ይጀምር ነበር፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እየተሻሙ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበር። ዙሪያውን የከበበውም ሰው አፉን ይዞ አያይም ነበር፤ ይመክር፣ ይጮኽ፣ ይከራከር ነበር። ከባዱን የአእምሮ ጨዋታ የመንደር ጫጫታ ያደረገው ያ አንድ የመክፈቻ ሕግ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የዚህን ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዓት በ1971 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳትመዋል። በዚያው ዓመት ስለ ገበጣም ጽፈው፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከ100 የሚበልጡ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል። ከ100 በላይ! ይህ ሁሉ ዓይነት ከየት መጣ? እረኛው መሬት ቆፍሮ ጠጠር ለቅሞ ሲጫወት ሕጉን እንደ ሰፈሩ ያሻሽለው ነበር። ማንንም አላስፈቀደም። ያን ሥልጣን የጣልነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። በእኛ አገር የሳቅ ጨዋታ ደጃፍ ላይ ይሉኝታ ቆሟል። የሠርግ ማግስት ነው እንበል፤ አማት አለች፣ የክርስትና አባት አለ፣ መምህር አለ፣ ጎረምሳና ኮረዳም አለ። ማን ነው ተነሥቶ ጋሼን «ይዋሻሉ!» የሚላቸው? ለጨዋታ ቢሆንም አይባልም። ከውጭ የሚመጡ ብዙ የድግስ ጨዋታዎች እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት፤ እኩያ ከእኩያ ጋር ብቻ ለሚቀመጥበት ቤት የተሠሩ ናቸው። ይሉኝታን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ሳይዋረድ ከሰው ጋር እንዲኖር ያደረገ ነገር ነው። ጨዋታ ሠሪ ሊያፈርሰው አይገባውም፤ የሚያልፍበትን በር ማግኘት ነው ያለበት።

አባቶቻችን አንድ በር አግኝተው ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ይባላል። ቆልማማ ዱላና ሩር ይዞ ሜዳ የወረደ ሰው፣ አሽከርም ቢሆን ጌታውን ይጋፋዋል። ይህ የተፈቀደው ቀኑ ስለሚታወቅ፣ ሜዳው ስለሚታወቅ፣ ሁሉም አስቀድሞ ስለተስማማ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ጌታው ጌታ ነው። ለቤት ውስጥ ጨዋታም እንዲህ ያለ በግልጽ የሚከፈትና በግልጽ የሚዘጋ ደጅ ያስፈልጋል። እኛ ስንጫወት አንድ ነጠላ በቤቱ መካከል እናነጥፋለን፤ ነጠላው ተነጥፎ ሳለ የተባለ ነገር ነጠላው ሲነሣ ተረሳ። ያለዚህ ስንሞክረው ሰዉ ግማሽ ልቡን ይዞ ነበር የሚጫወተው።

ሌላው በር አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ። ድሮ አንድ አካባቢ በግ ቢሰረቅ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ሰው ቢገደልና አድራጊው ቢጠፋ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሰዉ አይበተንም። ምስጢር የሚያውቅ ሰው በራሱ ስም ቢናገር ቂም ይተርፈዋልና፣ ቃሉ በወፍ ስም ይወጣል፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል። አድራጊው ጨርሶ ካልተገኘ ደግሞ ካሣውን ሕዝቡ ተዋጥቶ ይከፍላል።

ወደ ሰፊው ዓለም ሄድ ብለን እንመለስ። በ1986 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የሚባል የሥነ ልቦና ተማሪ «ማፍያ» የተባለውን ጨዋታ ፈጠረ። ጥቂት ሰዎች በምስጢር ማፍያ ይሆናሉ፤ ሌላው ንጹሕ የከተማ ሰው ነው፤ ሌሊት ማፍያ አንድ ሰው ይገድላል፤ ቀን ሁሉም ተሰብስቦ ገዳዩን ይፈልጋል። ሰሌዳ የለው፣ ዳይስ የለው፤ በተማሪ አፍ ብቻ ከአገር አገር ዞረ። በ1997 እ.ኤ.አ. አንድሩ ፕሎትኪን የሚባል አሜሪካዊ ማፍያውን አውጥቶ ሰው የሚሆን ተኩላ አገባበት፤ ልብሱ ሲለወጥ ጨዋታው እንደ አዲስ ተወለደ። ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ አውጫጭኝ ነው። ሌባው ከመካከል አለ፣ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቧል፣ እስኪወጣ አይበተንም። እኛ ማፍያም ተኩላም አያስፈልገንም። ወፍ አለችን፣ ወፏ ደግሞ ከሁለቱም ትበልጣለች።

ከአውጫጭኝ የሠራነውን ጨዋታ እንዴት እንደምንጫወተው ልንገራችሁ፤ ዛሬ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ስምንት ተጫዋችና ጨዋታውን የሚመራ አንድ ጭቃ ሹም ያስፈልጋል። ስምንት የካርቶን ቁራጭ ይቆረጣል፤ በሁለቱ ላይ በግ ይሣላል፣ እነዚያ ሌቦች ናቸው። በአንዱ ላይ ወፍ ይሣላል። በቀሩት አምስት ላይ ሞፈር ይሣላል፣ ባላገሮች ናቸው። ለያንዳንዱ ሰው ሦስት ሽምብራ ይታደላል፤ ሽምብራው «በቅሎ» ይባላል። ጭቃ ሹሙ «መሸ» ሲል ሁሉም ነጠላውን ይከናነባል። ሌቦቹ ብቻ ገለጥ አድርገው ተያይተው አንድ ሰው በጣት ያመለክታሉ። እነሱ ሲከናነቡ ወፏ ትገልጥና አንድ የምትጠረጥረውን ታመለክታለች፤ ያመለከተችው ሰው ሌባ ከሆነ ጭቃ ሹሙ ራሱን ይነቀንቃል። «ነጋ» ሲባል የተሰረቀው ሰው አንድ በቅሎ ያስረክባል፤ ከጨዋታው ግን አይወጣም፣ እንዲያውም ከሳሽ ሆኖ ይጮኻል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ወደ ጭቃ ሹሙ ጠጋ ብሎ አንድ ስም በጆሮው ያንሾካሹካል። ጭቃ ሹሙ ሁለት ስም ያወጣል፤ አንዱ እውነተኛዋ ወፍ ያለችው ነው፣ ሌላው ከሌሎቹ ሹክሹክታ የመረጠው። የትኛው የማን እንደሆነ አይናገርም። «ወፍ ነገረችኝ» ብቻ ይላል።

ሁለቱ ስማቸው የወጣ ሰዎች ተነሥተው ይሟገታሉ። እዚህ ላይ ነው ቤቱ የሚሞቀው። እንደ ጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ነጠላ እየተጣለ፣ ዱላ እየተነቀነቀ፣ «በቅሎ እሰጥ!» እየተባለ ሽምብራው ይወራረዳል። ሙግቱ ሲያበቃ ሰዉ ሌባ ነው ከሚለው ሰው ኋላ ተነሥቶ ይሰለፋል። ብዙ ሰው የተሰለፈበት ካርቶኑን ይገልጣል። ሌባ ከሆነ የሰረቀውን ይመልሳል፤ ንጹሕ ከሆነ ከኋላው የተሰለፉት አንዳንድ በቅሎ ይክሱታል። ጨዋታው ሦስት ሌሊት ነው። አንዱ ሌሊት በአቦል፣ ሁለተኛው በቶና፣ ሦስተኛው በበረካ። በረካው ተጠጥቶ ሌባ ከቀረ፣ እንደ ድሮው ሕዝቡ ተዋጥቶ ይከፍላል፤ ሁሉም ተነሥቶ ሌባው ባዘዘው ዘፈን ይጨፍራል።

የወፏ ሕግ መጀመሪያ አልነበረም። ሁሉም በግልጽ «እገሌን እጠረጥራለሁ» እንዲል ነበር የተደረገው። የሆነው ይህ ነው፤ የሚጠረጠሩት ሁልጊዜ ልጆቹ ብቻ ሆኑ። ትልቅ ሰው የሚጠረጥር ጠፋ። የሌባ ካርቶን የደረሳቸው አንዲት እናት ማንም ሳይጠይቃቸው ሦስቱንም ሌሊት ሰርቀው አሸነፉ፤ እሳቸውም «እኔን የሚጠይቀኝ የለም እንዴ?» ብለው ቅር አላቸው። ልብ በሉ፤ መከበራቸው ከጨዋታው ውጭ አስቀርቷቸው ነበር። ጥርጣሬው በጆሮ ሆኖ ስሙን ወፍ ስታወጣው ጊዜ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ስማቸው ሲወጣ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ሙግታቸውን ጀመሩ፤ ከወጣቱ ወገን የሚቋቋማቸው አልተገኘም። ክርክር የሚያውቁ፣ ምሳሌ የሚያውቁ፣ ድምፃቸውን የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚያደርጉ የሚያውቁ እነሱ ናቸው። ይሉኝታውን የሚያሳልፍ አንድ ሕግ ሲገኝ፣ ዳር ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የጨዋታው ጌቶች ሆኑ። ከሠራሁት ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

የጭቃ ሹምነቱንም ቦታ ፈተናው ነው የወሰነው። በየቤቱ ሰው ሲጫወት ዳር የምትቀር አንድ ሴት አለች፤ ቡና የምታፈላው። ሳቁን ከጀርባዋ ትሰማለች እንጂ አትካፈለውም። እሷን ጭቃ ሹም ስናደርጋት ጨዋታው ተቃና። ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ሰው ታያለች፤ መቼ አቦል እንደሚቀዳ የምታውቀው እሷ ናት፣ ስለዚህ መቼ እንደሚመሽና እንደሚነጋም የምታውቀው እሷ ናት። ሙግት ያስረዘመ ሰው ሲኒው ይዘገይበታል። ሰዓት አላስፈለገም።

ከአውጫጭኝ ያጠረ ሌላ ጨዋታ ላንሣ፤ ለመንገድም ለማዕድም ይሆናል። ለአንድ ምሳ ጊዜ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው «አንቱ» እንዲል ይታዘዛል። ታላቅ እህት ታናሽ ወንድሟን «እስቲ እንጀራውን ያቀብሉኝ» ትላለች፤ እናት የአምስት ዓመት ልጇን «እጅዎን ታጥበዋል?» ትላለች። «አንተ» ብሎ ያመለጠው ሰው የሽምብራ ዕዳ አለበት። መጀመሪያ የታሰበው ግን በሁለት በኩል ነበር፤ ታናሹ «አንቱ» ይባል፣ ታላቁ ደግሞ «አንተ» ይባል። በወረቀት ሲያዩት የሚያስቅ ይመስላል። ቤት ውስጥ ሲሞከር ልጆቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አንገታቸውን ደፉ፤ አባትየውም ለጨዋታው ሲሉ ፈገግ አሉ እንጂ ዓይናቸው አልሳቀም። የታችኛው ግማሽ ወጣና የላይኛው ብቻ ቀረ። ልጁ «አንቱ» ሲባል ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ሲቀመጥ፣ ድምፁን ጎርነን አድርጎ «ይሁን፣ ያቅርቡልኝ» ሲል ብታዩት! ሰውን ከፍ እያደረጉ መሳቅ ይቻላል፤ ዝቅ እያደረጉ የሚመጣው ሳቅ ግን አንድ ሰው ልብ ውስጥ ይቀራል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከምሳ ገበታ ዳር ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ማላገጥ ሲያስፈልግ የሚላገጥበት የሰዉ ሚና እንዲሆን አደርጋለሁ፤ ሌባው፣ ጭቃ ሹሙ፣ ነጋዴው። ስሙን፣ መልኩን፣ ድህነቱን፣ አነጋገሩን የሚነካ ሕግ አልጽፍም።

ነጋዴ ካልኩ አይቀር፣ በሮብ ገበያ ቆሜ የገበያውን ጨዋታ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሁለት ክምር ካርቶን ይዘጋጃል። በአንዱ ክምር ዕቃ ይሣላል፤ ጀበና፣ ጃንጥላ፣ በሬ፣ መሰንቆ፣ ጫማ፣ ድስት። በሌላው ጉድለት ይሣላል፤ የተቀደደ፣ የሚያፈስ፣ አንድ ዓይና፣ እጀታ የሌለው፣ የሚያንኮራፋ፣ ሰው የሚናከስ። ሻጩ ከሁለቱም አንዳንድ ያነሣል። የሚናከስ ጀበና ወይም የሚያንኮራፋ ጃንጥላ ይደርሰዋል። ጉድለቱን ሊደብቅ አይፈቀድለትም፤ ጉድለቱ ራሱ ዋና ጥቅም እንደሆነ አድርጎ መሸጥ አለበት። «የኔ እመቤት፣ ይህ ጀበና እኮ ሌባ ቢነካው ይናከሳል!» ይላል። ሁለት ሻጮች ይፎካከራሉ፤ ገዢው አንዲት ሽምብራ ብቻ ይዞ ከሁለቱ አንዱን ይገዛል። በመጀመሪያው አሠራር ለገዢው 100 ብር የሚሆን ወረቀት ተሰጥቶ ዋጋ ይቆረጥ ነበር። ሰዉ ወዲያው እውነተኛ ገበያ የወጣ መሰለው፤ መደመርና መቀነስ ገባ፣ መልስ ተቆጠረ፣ ሳቁ ጠፋ። ብሩ ሲወጣ ሳቁ ተመለሰ። ለዚህም ነው በእውነተኛ ገንዘብ ጨዋታ አትሥሩ የምለው። አሥር ብር እንኳ ቢሆን የተጫዋቹ ዓይን ከጓደኛው ፊት ወደ ብሩ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቁማር ነው፣ ቁማር የፈታውን ቤት ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል፤ የተናገርኳቸው ካርቶኖች ሁሉ በሥዕል ናቸው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮብ ኤንጀል የሚባል የሲያትል አስተናጋጅ ከጓደኞቹ ጋር በሥዕል ቃል ማስገመት ይጫወት ነበር፤ ከመዝገበ ቃላት ቃል እየመረጠ «ፒክሽነሪ» ብሎ በ1985 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ዓለም ተቀበለው። በእኛ ቤት ሥዕል ሌላም ጥቅም አለው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ከኮሌጅ ተማሪ ልጃቸው ጋር እኩል ይጫወታሉ። ካርቶኑ የሳሙና ወይም የብስኩት ማሸጊያ ይሁን፤ የደብተር ወረቀት በመብራት ያሳልፋል፣ ሌባው ይታወቃል። ሥዕሉን ልጆች ይሣሉት፤ የልጅ በግ ከሠዓሊ በግ ይበልጥ ያስቃል።

ስለ ፈተናው የቀረኝን ልናገር፤ ጨዋታ የሚሠሩ ሁሉ የሚዘሉት ይህን ነው። ተጫውተው ሲጨርሱ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። በእኛ አገር መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ «በጣም ቆንጆ ነው፣ እጅህ ይባረክ» ይሏችኋል። ሰው ቤት በልቶ ወጡ ጨው አንሶታል የሚል እንግዳ የለም። በአፋቸው ፈንታ እጃቸውን እዩ፤ እጅ ወደ ኪስ፣ ወደ ስልክ የሄደበት ሰዓት ጨዋታው የደከመበት ቦታ ነው። «አሁን ተራው የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ከተደጋገመ ሕጉ በዝቷል። ከተጫዋቾቹ አንዱን ደግሞ «እስቲ ለእህትህ አስረዳት» በሉትና ራቅ ብላችሁ ስሙ። ሲያስረዳ የዘለለው ሕግ አስፈላጊ አልነበረም፤ አውጡት። ራሱ የጨመረው ሕግ ካለ ጻፉት። በመጨረሻ ካርቶኑን ሰጥታችሁ ከቤት ውጡ። እናንተ በሌላችሁበት ሳቅ ከተሰማ ጨዋታው ተወልዷል።

ፈተናውን በእኩዮቻችሁ ብቻም አታድርጉት። የቢቸና ጓደኞቻችሁን ያሳቀ ነገር የሞጣ አክስታችሁ ቤት ላያስቅ ይችላል። ሽማግሌ ባለበት፣ ሙሽራ ባለበት፣ ለቅሶ በቅርቡ የደረሰበት ሰው ባለበት ሞክሩት። «መሸ» ብሎ ሰው መከናነቡ በቅርቡ ሐዘን የገባው ሰው ላይ እንዴት እንደሚሆን አስቡ። እዚያ ቤት የገበያውን ጨዋታ ብትወስዱ ይሻላል። ሠሪ ማለት ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም የሚያነብ ነው።

በስልክም አገር በቀል ጨዋታ የሠሩ አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ከበዓል ዕርድ የምታመልጥ ዶሮ ሠርቶ «ኩኩሉ» በሚል ስም በስልክ አቅርቧል። አገር በቀል ነገር ዘመናዊ መሆን እንደሚችል ያሳያልና ደስ ይለኛል። ግን ለስልክ ጨዋታ ኮምፒውተርና ባለሙያ ያስፈልጋል። እኔ የምላችሁ መቀስ፣ ካርቶንና ከሰል ላለው ሰው ሁሉ የሚቻል ነው።

ስለዚህ ልለምናችሁ። ተማሪዎች፣ ከመጪው በዓል በፊት በየቡድናችሁ አንዳንድ ጨዋታ ሥሩ። አውጫጭኙን ወስዳችሁ ለውጡት፣ ወይም ከደቦ፣ ከዕቁብ፣ ከእድር ስብሰባ አዲስ አውጡ። መምህራን፣ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ቦታ ስጡላቸው። እናቶችና አባቶች፣ ልጆቹ ካርቶን ይዘው ሲመጡ ተቀምጣችሁ ተፈተኑላቸው፤ ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሏቸው። የተጣራውን ሕግ በንጹሕ ደብተር ጻፉት፤ ስንት ሰው እንደሚጫወተው፣ ምን ዕቃ እንደሚፈልግ፣ በየትኛው ቤት ተሞክሮ ምን እንደተለወጠ ጨምሩበት። ደብተሩንም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ፤ የሚመጣው ዓመት ልጆች ከእናንተ ይቀጥሉ።